ሰውነትዎ ባይታጠፍም ዮጋ ይጀምሩ

«ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ዮጋ? እሱ ለእኔ አይሆንም።» እንዲህ የሚለኝ ሰው ሳያጋጥመኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የታክሲ ሾፌሮች ይሉኛል፣ የባንክ ሠራተኞች ይሉኛል፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው የሚውሉ እናቶች ይሉኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ነው የምሠራው፤ ወደ እኔ የሚመጡት ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ትከሻቸውን ሲያማቸው ነው። ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ግን ሕመሙ ብቻውን እንዳልመጣ እንረዳለን። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል፤ ልባቸው ያለ ምክንያት ይመታል፤ ሐሳብ በዝቶባቸዋል።

ለእነሱ የምነግራቸውን ለአንባቢም ልድገመው። ዮጋ መጀመር ያለበት ያ «አልታጠፍም» የሚለው ሰው ነው። በቲክቶክና በኢንስታግራም እግራቸውን ማጅራታቸው ላይ የሚሰቅሉ ወጣቶች ብዙውን ሰው አስበርግገውታል። ጀማሪ የሚያስፈልገው ጥቂት የወለል ቦታ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ወንበርና በቀን ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓቱ ግን በየቀኑ መሆን አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመልፋት በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከታማሚ ልጅ የተገኘ ትምህርት

ዮጋ በሕንድ ምድር እጅግ ጥንታዊ ነው። ፓታንጃሊ በሚባሉ ሊቅ ስም የሚጠራው «ዮጋ ሱትራ» የተሰኘው የሳንስክሪት መጽሐፍ ዛሬም የትምህርቱ መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሰውነት አቀማመጥ ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው፤ ሥነ ምግባር፣ ትንፋሽን መግራት፣ ሐሳብን መሰብሰብና ተመስጦ ከቀሩት መካከል ናቸው። ዛሬ ሜዲቴሽን ብለን ለብቻው የምንጠራው ነገር ከጥንቱም የዮጋ አካል ነበር ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ወደ ተራው ሰው ቤት ካስገቡት መካከል ግንባር ቀደሙ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ሕንድ፣ ቤሉር በምትባል መንደር ነው። ዘመኑ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የጉንፋን ወረርሽኝ ዓለምን የሚያጭድበት ነበር፤ እናታቸውም በዚያው በሽታ ተይዘው ነው የወለዷቸው። ልጁ ገና ከጅምሩ ደካማ ሆነ፤ ወባው፣ ታይፎይዱ፣ የሳንባ ነቀርሳው ተፈራረቀበት። በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የእህታቸው ባል ክሪሽናማቻርያ ወደሚያስተምሩበት ወደ ማይሶር ከተማ ሄደው ዮጋ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በ18 ዓመታቸው አስተማሪ ሆነው ወደ ፑኔ ተላኩ፤ በ1952 ከዝነኛው የቫዮሊን ተጫዋች ከይሁዲ ሜኑሂን ጋር ተዋወቁ፤ በእሱም በኩል አውሮፓ አወቃቸው። በ1966 ያሳተሙት «ላይት ኦን ዮጋ» የተሰኘው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ያ ልጅነቱን በአልጋ ላይ ያሳለፈ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያርፍ ዕድሜው 95 ነበር።

እኔ ለጀማሪዎች ከእሳቸው የወሰድኩት መደገፊያን ነው። አየንጋር ቀበቶ፣ የእንጨት ጡብ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበርና ግድግዳ በትምህርቱ ውስጥ አስገቡ። እጁ ወለል መድረስ ያልቻለ ሰው ጡብ ወይም ወንበር ያስቀምጣል፤ እዚያ ላይ እጁን አሳርፎ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ይሠራል። በዚህ መንገድ የሰባ ዓመት አዛውንትም፣ ከወሊድ የተነሣች እናትም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሾፌርም የድርሻውን ይሠራል። እኔ በቀበቶው ፈንታ ነጠላ፣ በብርድ ልብሱ ፈንታ ጋቢ እጠቀማለሁ። ማንም ሰው ቤት አይጠፉም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ማብቂያ ላይ ጁን 21፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14፣ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል፤ ሕንድ ያቀረበችውን ሐሳብ 177 አገሮች ደግፈው ፈርመውበታል። ከዚያ በኋላ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ የባህል ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያሰፍር ስብሰባው የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ዮጋ ለከተማችን የሚመስለንን ያህል ባዕድ አይደለም።

ሁሉም የሚጀምረው ከትንፋሽ ነው

አንዲት እናት አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው መጡ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በልብስ ስፌት ነው። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና «እትዬ፣ እስቲ አንዴ በረጅሙ ይተንፍሱልኝ» አልኳቸው። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተሰቀለ፣ የአንገታቸው ጅማት ተገተረ፣ ሆዳቸው ወደ ውስጥ ገባ። አየሩን የሳቡት በአንገታቸው ጡንቻ ነበር።

ጎልማሳ ሰው አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በትንሹ ብንይዘው እንኳ በቀን ከ17 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ዋናው ጡንቻ ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም ሲሆን፣ እሱ ሥራ ፈትቶ አንገት በምትኩ ሲለፋ ጭንቅላት ድረስ የሚወጣ ሕመም ቢከተል አይገርምም።

አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ሌላውን እምብርታቸው ላይ አስደረግኳቸው። «የታችኛው እጅ ይነሣ፣ የላይኛው ዝም ይበል» አልኳቸው። ተቀምጠው እምቢ አላቸው። በጀርባቸው አስተኝቼ ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ስከትላቸው ግን ሆዳቸው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ፊታቸው ተፈታ፤ ሳያውቁት የነከሱት መንጋጋቸው ላላ። «ልጄ፣ ዮጋ የምትሉት ይኼን ነው እንዴ?» አሉኝ። «የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ለልምምዱ ጉልበት ይሰጣል። በሰውነታችን ውስጥ እኛ ሳናዛቸው የሚሠሩ ሁለት የነርቭ ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው አደጋ ሲመጣ ልብን ያፈጥናል፣ ጡንቻን ይገትራል፣ ለመሸሽ ወይም ለመጋፈጥ ያዘጋጃል። ሌላው አደጋው ሲያልፍ ልብን ያረጋጋል፣ ምግብ እንዲፈጭ፣ እንቅልፍ እንዲመጣ ያደርጋል። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት ሰልፍ፣ የአለቃ ቁጣ ሲደራረብ የመጀመሪያው ሥርዓት እንደበራ ያመሻል። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል እስከ ልብ፣ ሳንባና አንጀት የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ደግሞ የማረጋጋቱ ሥራ ዋና መሥመር ነው። እኛ ልባችንን «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም፤ ትንፋሻችንን ግን ማዘዝ እንችላለን። በሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁኑኑ መሞከር ይቻላል። ሁለት ጣትዎን በአውራ ጣትዎ በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው የደም ትርታዎን ይፈልጉ። ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ትርታው በጥቂቱ ይፈጥናል። ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ይዘገያል። በተለይ በወጣቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል። ማስወጫው ከማስገቢያው እንዲረዝም የዮጋ አስተማሪዎች የሚወተውቱት ለዚህ ነው።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

ስለ ዮጋ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ካንሰር ያድናል፣ የስኳር መድኃኒት ያስጥላል የሚሉ ሰዎችን አትስሟቸው። በተመራማሪዎች ተመዝኖ የተገኘው ጥቅም ግን በራሱ በቂ ነው።

ከወገብ ሕመም እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ 320 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ታትሟል። ለ12 ሳምንታት ገሚሶቹ ለወገብ ተብሎ የተዘጋጀ ዮጋ ሠሩ፤ ሌሎች ፊዚዮቴራፒ ተከታተሉ፤ የቀሩት የሚያስተምር መጽሐፍ ተሰጣቸው። ዮጋው ከፊዚዮቴራፒው የማያንስ ውጤት አሳየ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች መካከል ዮጋና ሜዲቴሽን ይገኙበታል። እኔ የፊዚዮቴራፒ ሰው ሆኜ ይህ ውጤት ያስደስተኛል፤ ታካሚዬ ከእኔ ጋር በሳምንት አንዴ ይገናኛል፣ ከወለሉ ጋር ግን በየቀኑ መገናኘት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ228 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ዮጋን ከተራ ጡንቻ ማፍታቻ ትምህርት ጋር አወዳድሮ ሁለቱም እኩል ጠቅመው አግኝቷቸዋል። ይህም ትልቅ ትምህርት አለው። ጥቅሙ የሚመጣው ሰውነትን በሥርዓት፣ በትዕግሥትና በተከታታይ ከማንቀሳቀስ ነው፤ በምሥጢራዊ ኃይል አይደለም።

ወደ ጭንቀት ስንመጣ፣ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለሕሙማን የስምንት ሳምንት የሜዲቴሽን ትምህርት ጀመሩ። በውስጡ ቀለል ያለ ዮጋም አለበት። ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ገሚሱ ኤሲታሎፕራም የተባለውን የታወቀ የጭንቀት መድኃኒት ወሰደ፤ ገሚሱ ያንን የስምንት ሳምንት ትምህርት ተከታተለ። ትምህርቱ ከመድኃኒቱ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ግን በየሳምንቱ ክፍል ገብተዋል፣ ቤታቸውም በየቀኑ 45 ደቂቃ እንዲለማመዱ ታዝዘዋል። ውጤቱ የተገኘው በሥራ ነው። ማንም ሰው ይህን አንብቦ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ጥናቶች መዝነው ሜዲቴሽን ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቃልል አረጋግጠዋል። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኙም። ስለዚህ መስቀል አደባባይ የሚሮጠው ሩጫውን አይተው። ዮጋ የሚጨምርለት ሩጫ የማይሰጠውን ነው፦ ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ የላላ ዳሌና የተሰበሰበ ሐሳብ።

ሩብ ሰዓቱን እንዲህ ይጠቀሙበት

ምግብ ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ። ለብዙ ሰው የሚመቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ሳይታወክ ነው። ካልሲ ያውልቁ፤ በሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታል። የዮጋ ምንጣፍ ከሌለ የማይንሸራተት ማንኛውም ምንጣፍ ይበቃል። አንድ ጋቢ፣ አንድ ነጠላና የማይነቃነቅ ወንበር አጠገብዎ ይሁን።

መጀመሪያ በጀርባዎ ይተኙ፤ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ። እጅዎን እምብርትዎ ላይ አድርገው በአፍንጫዎ አየር ሲያስገቡ እስከ አራት፣ ሲያስወጡ እስከ ስድስት በልብዎ ይቁጠሩ። አንድ ትንፋሽ አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በደቂቃ ስድስት ማለት ነው። አየር ካጠረዎ ሦስትና አራት አድርገው ይቁጠሩ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ በእጅና በጉልበትዎ ይቁሙ፤ ከጉልበትዎ ሥር ጋቢ ያንጥፉ። አየር ሲያስገቡ ደረትዎን ወደ ፊት ገፋ፣ ጀርባዎን ዝቅ ያድርጉ። ሲያስወጡ ጀርባዎን ወደ ላይ አጉብጠው አገጭዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ። በየአገሩ የድመትና የላም እንቅስቃሴ ይሉታል። ስምንት ጊዜ ያህል ሲደጋግሙት ሌሊት የደረቀው አከርካሪ ይፈታል። እንቅስቃሴው ትንፋሹን ይከተል እንጂ አይቅደመው።

ከዚያው ሆነው መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ ይመልሱና ግንባርዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ። የልጅ አቀማመጥ ይባላል። መቀመጫዎ ተረከዝዎ ላይ ካልደረሰ በመካከሉ የታጠፈ ጋቢ ይክተቱ፤ ግንባርዎ ወለል ካልደረሰ ሁለቱን ጡጫዎን ደርበው እላዩ ላይ ያሳርፉት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ይዝለለው።

ቀጥለው ይነሡና የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጅዎ ይያዙ። ክንድዎ እስኪዘረጋ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከዳሌዎ ይታጠፉ፤ ጀርባዎ እንደ ጠረጴዛ ይዘርጋ። ጉልበትዎን በጥቂቱ ማጠፍ ይችላሉ፤ ጀርባው እንዳይጎብጥ ብቻ ይጠንቀቁ። አምስት ትንፋሽ ይቆዩ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ወይም ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ለሚውል ትከሻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አሁን ተመልሰው በጀርባዎ ይተኙ። ነጠላውን በቀኝ እግርዎ መሐል አሳልፈው ሁለቱን ጫፍ በእጅዎ ይያዙ፤ እግሩን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡ። ግራው እግር ታጥፎ ወለሉ ላይ ይቆይ። የጭን ጀርባ ጡንቻ ሲለጠጥ ይሰማዎታል። እዚያው አምስት ትንፋሽ ወስደው እግር ይቀይሩ። እግርዎ አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ቢቆም ለዛሬ ቦታው እዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ እግርዎን ወንበሩ ላይ አውጥተው ወይም ዘርግተው ይረፉ። ጋቢውን ይልበሱ፤ ሰውነት ሲያርፍ ይበርደዋል። ሦስት ደቂቃ ምንም አይሥሩ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ጊዜ ማባከን እየመሰለው ይተወዋል። እኔ ግን ከዕለቱ ልምምድ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህንን ነው።

የልክ ጉዳይ ሁሌ ይጠየቃል። የጡንቻ መለጠጥ በጡንቻው መሐል የሚሰማ፣ ትንፋሽ የማይቆርጥ ስሜት ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ ወዲያው ይተዉት። ትንፋሽዎ ከተቆረጠም ልኩን አልፈዋል።

ቁጭ ብሎ ዝም ማለት

ለሜዲቴሽን እግር ማጣጠፍ አያስፈልግም። ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ መርገጫዎ ወለል ይንካ፣ ጀርባዎ ይቅና። በርጩማ ላይ መቀመጥ ለለመደ ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ በርጩማው ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣና ወገብ ይጎብጣል። የታጠፈ ጋቢ ደርበው ዳሌዎን ከጉልበትዎ ከፍ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ጀርባ ያለ ልፋት ይቆማል።

ስልክዎን ከኔትወርክ አውጥተው የማንቂያ ደወሉን በአምስት ደቂቃ ይሙሉት። ዓይንዎን ይክደኑ ወይም ወለሉ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽዎን አያስረዝሙት፣ አያሳጥሩት፤ በአፍንጫዎ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይከታተሉት። እያንዳንዱን ማስወጫ ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ሲያልቅ ከአንድ ይጀምሩ። አራት ሳይደርሱ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የትናንቱ ንግግር፣ ያልተመለሰ ስልክ ይመጣል። ሐሳብ ከችካሉ እንደሚፈታ ጥጃ ነው፤ ሲሄድ አይደበደብም፣ ገመዱ ተይዞ ይመለሳል። መሄዱን አውቆ መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው። በአምስት ደቂቃ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ሠርቷል።

ታካሚዎቼ ከወራት በኋላ የሚነግሩኝ ለውጥ ዝምታው ውስጥ የተገኘ አይደለም። ሾፌሩ መንገድ ሲዘጋበት ጥሩንባውን ከመጫኑ በፊት አንዴ እንደሚተነፍስ ይነግረኛል። እናት ልጇ ላይ ከመጮኋ በፊት ትከሻዋ እንደተሰቀለ ታውቃለች። በሚደርስብን ነገርና በምንመልሰው መልስ መካከል ትንሽ ክፍተት መፍጠር ትልቅ ሀብት ነው።

የእምነት ጥያቄ

በእኛ አገር ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ስለ ዮጋ መጻፍ አይቻልም። ብዙ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች «ይህ የሌላ አምልኮ አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው አክብሮት ይገባዋል። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖታዊ ሕይወት ጋር አብሮ አድጓል፤ የአማልክት ስም የሚጠራባቸው፣ ማንትራ የሚዜምባቸው ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ። እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ብቻ የሚያስተምሩም ብዙ ናቸው። ከመመዝገብዎ በፊት አስተማሪውን በግልጽ ይጠይቁ። ልብዎ የከበደው ነገር ካለ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከኡስታዝዎ ጋር ይነጋገሩ። እኔ ከታካሚዎቼ ጋር የምሠራው እንቅስቃሴና ትንፋሽ ነው፤ ከዕረፍቱ በኋላ የራሱን ጸሎት የሚጸልይ ይጸልያል።

ሳይንሱም ለዚህ ቦታ አለው። የሐርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰውነትን የሚያሳርፈው ልምምድ በማንኛውም ቃል፣ በራስ ጸሎትም ጭምር ሊሠራ እንደሚችል አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቻቸው 23 ጤናማ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙና የዮጋ ማንትራ ሲደግሙ ለክተዋቸው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ወረደ፤ የልባቸውና የደም ዝውውራቸው ሥርዓትም ተሻሻለ። መቁጠሪያ ይዘው ረጋ ብለው የሚጸልዩ እናቶቻችንም ዝግ ያለ ትንፋሽ ምን እንደሚያደርግ ሳይነገራቸው የሚያውቁት ይመስለኛል።

እነዚህ ሰዎች ይጠንቀቁ

ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚዘቀዘቅበትን አቀማመጥ አይሥራ፤ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። የዲስክ መንሸራተት ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ወደ ፊት በጣም አይጎንበስ። እርግዝናዋ የገፋ ሴት ለረጅም ጊዜ በጀርባዋ አትተኛ፣ ሆዷንም የሚጨምቅ ጥምዘዛ አትሥራ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ባዶ ሆዱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተኛበት ቀስ ብሎ፣ በጎኑ ዞሮ ይነሣ። ትንፋሽን በኃይልና በፍጥነት የሚያስወጡ ልምምዶች ስለሚያዞሩ ለጀማሪ አይሆኑም።

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ክፉ ነገር ደርሶበት ትዝታው የሚያስጨንቀው ሰው ረጅም ዝምታ ሊያባብስበት ይችላል፤ ከባለሙያ ጋር ሆኖ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ በአጭሩ ይጀምር።

የወገብ ሕመም ሁሉ በዮጋ የሚታይ አለመሆኑንም እወቁልኝ። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ አብሮት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግር ከደከመ፣ በብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ያ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አስተማሪ የሚፈልግ ሰው አንድ መለኪያ ይያዝ። ጥሩ አስተማሪ ከማስጀመሩ በፊት ስለ ጤናዎ ይጠይቃል፣ ያመመዎትን ቦታ ገፍቶ አይጫንም፣ ከጎረቤትዎ ጋር አያወዳድርዎትም። ይህን የማያደርግ ከሆነ ክፍያው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ነገ ጠዋት ሩብ ሰዓት ቀድመው ይነሡ። ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ወለሉ ላይ ይተኙና እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያሳርፉ። ለሁለት ወር ሳያቋርጡ ይሞክሩት፤ ያመለጠዎት ቀን ካለ በማግሥቱ ይቀጥሉ። ወገብዎ እፎይ ካለ፣ እንቅልፍዎ ከተስተካከለ ለአንድ የሚያመው ጎረቤትዎ ያሳዩት። ያላገዘዎት እንደሆነም ሕመሙን ችለው አይቀመጡ፤ ሐኪም ያማክሩ።